ለቡና የጨመሩት ብር ስኒው ውስጥ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ «ቤታችን በወር አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ጥሬ ቡና እንጠቀማለን። ከሰፈር ሱቅ እገዛው የነበረውን ትቼ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ‹አንደኛ ደረጃ ይርጋጨፌ› እየተባለ በውድ የሚሸጠውን እየገዛሁ ነው። ለእኔ ልዩነቱ ይታወቀኛል። ባለቤቴ ግን ‹ቡና ቡና ነው፤ ስም ነው የምትገዢው› ይለኛል። እሱ የሚጠጣው በሦስት ማንኪያ ስኳር ነው። እኔ በሌላው ነገር ቁጥብ ነኝ፤ ልብስም ወርቅም አላበዛም፣ ቅንጦቴ ይህችው ናት። ልቀጥልባት ወይስ እውነቱን ነው? የኤሌክትሪክ መፍጫ ልግዛ ብዬም አስቤያለሁ። ዋሽንግተን ያለችው እህቴም ‹ጥሩ ቡና ላኪልኝ› እያለችኝ ነው።»

የቡና ቅምሻ ባለሙያው ምላሽ፦

አይተዉት። ግን የሚከፍሉት ለምን እንደሆነ ለይተው ካላወቁ ክርክሩን ባለቤትዎ ያሸንፋሉ። ገበያ ላይ በውድ ከሚሸጠው ቡና ብዙውን ጭማሪ የሚያስከፍለው ስሙ ነው፤ ስም ደግሞ ጀበና ውስጥ አይፈላም። ጭማሪው ስኒ ውስጥ የሚደርሰው ቀይ እሸት ሆኖ ለተለቀመ፣ እንከኑ በእጅ ለተለየና የዘንድሮ ምርት ለሆነ ቡና ሲከፈል ነው።

መጀመሪያ የሰፈር ሱቅ ቡና ለምን እንደዚያ እንደሆነ ላስረዳ፤ ጥፋቱ የባለሱቁ አይደለም። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ትጠጣለች። ይሁንና ቡና ከዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ስለሆነ፣ ለውጭ ገበያ ደረጃ የበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ለረጅም ዓመታት ሲከለክል ኖሯል። በዚህ ምክንያት በሕጋዊው መንገድ ወደ ጀበናችን ሲደርስ የኖረው በአብዛኛው ከኤክስፖርት ለቀማ የወጣው፣ ነጋዴው «ሪጀክት» የሚለው፣ አለዚያም ከመነሻው ደረጃው ዝቅ ያለው ቡና ነው። በሌላ በኩል የአገር ውስጡ ዋጋ ከዓለም ገበያው የሚበልጥበት ጊዜ ስለማይጠፋ ጥሩ ቡናም ሾልኮ መርካቶ ይገባል። ሱቅ ያለው ጆንያ እንግዲህ የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ አንድ ሳምንት ደስ ያሰኛል፣ በሚቀጥለው ያበሳጫል። ከአንዱ ጆንያ የገዙት ጎረቤቶች «የእኔ ጥሩ ነበር»፣ «የእኔ መራራ ነበር» እያሉ ሲከራከሩ ሰምተው ይሆናል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ ልግባ። ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። በዚያ አሠራር ደረጃ ሲወጣለት ከመቶ አርባው ነጥብ ለጥሬው ፍሬ መልክ፣ ስድሳው ለቅምሻው ይሰጣል። የታጠበ ቡና (ልጣጩ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ የደረቀ) ከሆነ የቅምሻው ስድሳ ነጥብ እኩል በአራት ይከፈላል፤ ለስኒው ንጽሕና 15፣ ለአሲዲቲ (ደስ ለሚለው ኮምጣጣነቱ) 15፣ ለቦዲ (አፍ ውስጥ ለሚሰማው ክብደት) 15፣ ለጣዕም 15። ንጽሕና ከጣዕም እኩል መመዘኑን ልብ ይበሉ። ንጽሕና ስንል ከመጀመሪያው ጉንጭ እስከ ጉሮሮ ድረስ ባዕድ ነገር፣ ማለትም ሻጋታ፣ አፈር፣ ጆንያ፣ የኮመጠጠ ነገር አለመኖሩ ነው። እርስዎ «ልዩነቱ ይታወቀኛል» ያሉት፣ እንደ እኔ ግምት፣ የአበባውን ሽታ ብቻ ላይሆን ይችላል። ምናልባት የቆሻሻው ጣዕም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለጠፋ ነው የታወቀዎት።

በቅምሻ ጠረጴዛ ላይ አንድ ናሙና በአንድ ስኒ አይቀመስም። አምስት ስኒ ይደረደራል፤ የእያንዳንዱ ስኒ ፍሬ ለየብቻው ተመዝኖ ለየብቻው ይፈጫል። በተለመደው መለኪያ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ ስምንት ግራም ከሩብ ያህል ነው፤ ይህም ስድሳ ያህል ፍሬ ቢሆን ነው። ለየብቻ የሚፈጨው አንድ የገማ ፍሬ ካለ በአንዱ ስኒ ላይ ብቻ እንዲጋለጥ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ቢፈጭ ያ ፍሬ አምስቱንም ስኒ በጥቂት በጥቂቱ ያበላሽና ቀማሹ «ደህና ነው፣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል» ብሎ ያልፈዋል። ቤትዎ ጀበና ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ለስድስት ሰው የሚፈላ ጀበና አርባ ግራም ያህል የተቆላ ቡና ይፈልጋል፤ ሦስት መቶ ፍሬ ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ ውስጥ ሁለትና ሦስት ከመጠን በላይ የቦካ ፍሬ ቢኖር ቡናው የሚታወቅ ጥፋት ሳይኖርበት ይደበዝዛል። ርካሽ ቡና ሁሌ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥሩ ቡና ነው፣ ውስጡ ጥቂት መጥፎ ፍሬ ያለበት።

ያንን ጥቂት መጥፎ ፍሬ ማውጣት ነው ገንዘብ የሚበላው። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለ እሸት በአንድ ቀን አይቀላም፤ ቀዩ፣ ብርቱካንማውና አረንጓዴው ጎን ለጎን ነው የሚንጠለጠለው። ቀዩን ብቻ መልቀም የፈለገ ገበሬ ወደ አንዱ ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ አለበት። ያልፈለገው አንድ ጊዜ ይገባና ቅርንጫፉን በእጁ ሙልጭ አድርጎ ይገፍፈዋል። ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ተለቅሞ የሚገኘው አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ነው። የሚታጠበው ተፈልፍሎ፣ ቦክቶ፣ ታጥቦ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ደረቁ እሸቱ ከነልጣጩ አልጋ ላይ ለሳምንታት ይተኛል፤ በየሰዓቱ እየተገላበጠ፣ እኩለ ቀንና ማታ እየተሸፈነ። ያን ጊዜ ያልተገላበጠ ፍሬ ይሻግታል፤ ዝናብ የነካው እንደገና ይቦካል። ከዚያ ወደ መጋዘን ሲመጣ ማሽን በመጠንና በክብደት ይለየዋል። ማሽን የማያየው ግን አለና ቃሊቲ አካባቢ ባሉ የላኪ መጋዘኖችም ሆነ ድሬዳዋ፣ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የነቀዘውን፣ የተሰበረውን፣ የነጣውን በጣታቸው ይለቅማሉ። ከሚጨምሩት ብር ስኒዎ ውስጥ በእርግጥ የሚደርሰው የእነዚህ ለቃሚዎች ዓይን ነው። በተለመደው ዓለም አቀፍ የስፔሻሊቲ (ልዩ ጥራት ያለው) ቡና መለኪያ 350 ግራም ጥሬ ቡና ውስጥ አንድም ዋና እንከን፣ ለምሳሌ ሙሉ ጥቁር ፍሬ፣ መገኘት የለበትም፤ ከዚያ በኋላ ነው በቅምሻ ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ አገኘ አላገኘ የሚባለው።

ስለዚህ «ይርጋጨፌ» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ይነግርዎታል? ቡናው ከየት እንደመጣ፤ ያውም ሻጩ እውነቱን ከሆነ። ስሙ ዋጋ እንዳለው አልክድም፤ መንግሥትም ያውቃል። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲነሣ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ትልቅ ክርክር ተነሥቶ የተስማሙት በ1999 ዓ.ም. ነው። ዋጋ ያለው ስም ደግሞ ማንም ጆንያው ላይ ሊጽፈው ይችላል። ይርጋጨፌ ካለበት ከጌዴኦ ከፍታ የመጣ ግን ያልተለቀመ ቡና አለ፤ ከጅማ የመጣ፣ በደንብ የተለቀመና አልጋ ላይ የደረቀ ቡናም አለ። ሁለተኛውን በደስታ እጠጣለሁ። «አንደኛ ደረጃ» የሚለውም ቢሆን ለአንድ የተወሰነ ጭነት፣ በተመረመረበት ቀን የተሰጠ ውጤት ነው። ከሱቁ ጆንያ ጋር ለዘላለም አብሮ አይኖርም።

የሚያምኑት ዓይንዎንና አፍንጫዎን ነው። ከመግዛትዎ በፊት አንድ እፍኝ ነጭ ወረቀት ላይ ይበትኑ። የታጠበ ቡና ወደ አረንጓዴ ግራጫ ያደላና ተመሳሳይ መልክ ያለው መሆን አለበት፤ ደረቅ ቡና ቢጫ ቡናማ መሆኑ ነውር አይደለም፣ ቀለሙ መዘበራረቁ ነው የሚያሳስበው። መቶ ፍሬ ቆጥረው ጥቁር፣ ቀዳዳ ያለው፣ የተሰበረና የነጣ ይለዩ። በውድ የሚሸጥልዎት ከሆነና ከመቶው አምስት ስድስቱ እንዲህ ከሆኑ፣ ዋጋውን መደራደር አይደለም፣ ጥለው መሄድ ነው። ከዚያ እፍኙን በመዳፍዎ ያሙቁና ያሽትቱ፤ የሣርና የእህል ሽታ ደህና ነው፣ የጆንያና የምድር ቤት ሽታ መጥፎ ነው። አንድ ፍሬ በጥርስዎ ይንከሱ፤ ጥርስዎ ሰምጦ ምልክት ከተወ እርጥበቱ ብዙ ነው፣ ቤት ሲቀመጥም ይሻግታል። ባለሱቁ እፍኝ ማሳየት ካልፈለገስ? ታዲያ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ወቅቱንም ይጠይቁ፤ ይህን የሚጠይቅ ገዢ እምብዛም አላየሁም። ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ዝቅ ያለው ቆላማ ቦታ ቀድሞ ይደርሳል፣ እንደ ጉጂና ጌዴኦ ያለው ከፍታ ይዘገያል። የታጠበው አዲስ ምርት ከጥርና ከየካቲት ወዲህ፣ ደረቁ ትንሽ ቆይቶ ገበያ ይገባል። እርስዎ ከፋሲካ ወዲህ መግዛትዎ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የወደቀው። መስከረምና ጥቅምት ላይ የሚሸጠው ግን፣ ምንም ስም ይለጠፍበት፣ ያለፈው ዓመት ምርት ነው። ያረጀ ቡና ቀለሙ ይነጣል፣ ጣዕሙ ወደ እንጨትና ገለባ ይሄዳል፣ ደስ የሚለው ኮምጣጣነቱ ይሞታል። በእነዚያ ወራት ብዙ መክፈል አልመክርም፤ ደህናውን መካከለኛ ይግዙና ለአዲሱ ይቆጥቡ።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ 15 እስከ 18 በመቶ ያጣል። የእርስዎ ኪሎ ተኩል ከተቆላ በኋላ ኪሎ ከሩብ ያህል ይቀራል፤ በአርባ ግራም ሲካፈል ሠላሳ ጀበና፣ በቀን አንድ ማለት ነው። በሁለቱ ቡናዎች መካከል ያለው ልዩነት ለምሳሌ በኪሎ 400 ብር ነው እንበል። በወር 600 ብር፣ በጀበና 20 ብር ይሆናል። አቦል፣ ቶናና በረካ ለስድስት ሰው ሲቀዳ አሥራ ስምንት ስኒ ነው፤ በስኒ አንድ ብር ከትንሽ። ይህንን ካፌ ገብተው ከሚጠጡት አንድ ማኪያቶ ጋር ያወዳድሩት። መሠረታዊው ዋጋ ራሱ መናሩን ግን ለባለቤትዎ አልክድም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደርጓል፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአረቢካ ቡና በዓለም ገበያ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ከአራት ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፣ ብራዚልን የመታው ድርቅም አንዱ ምክንያት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለቤትዎ ወጪ መቆጣጠራቸው አይፈረድባቸውም።

አሁን ባለቤትዎን በክርክር ሳይሆን በፈተና ይግጠሟቸው። እኛ ቀማሾች ስንፈተን የሚሰጠን ሦስት ስኒ ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ቡና፣ አንዱ ከሌላ። ጥያቄው «የቱ ይጣፍጣል?» አይደለም፤ «የተለየው የትኛው ነው?» ነው። ቤትዎ ሁለት ጀበና ያፍሉ፤ አንዱ የቀድሞው ቡና፣ አንዱ የአሁኑ፣ እኩል ተመዝኖ እኩል ተቆልቶ። ባለቤትዎ ሳያዩ በሦስት ስኒ ይቅዱና ያለ ስኳር ያቅምሷቸው። ይህን በተለያየ ቀን እየደጋገሙ ስድስት ጊዜ ያድርጉት፤ የተለየውን ስኒ ቦታ እየቀያየሩ። እንዲሁ የሚገምት ሰው ከስድስቱ ሁለቱን ያህል ይመታል። አምስት ወይም ስድስት ከመቱ በግምት እንዲያ የመሆን ዕድሉ ከመቶ ሁለት አይሞላም፤ ስለዚህ ምላሳቸው ያውቃል ማለት ነው፣ «ቡና ቡና ነው» ማለታቸውንም ይተዋሉ። ከዚያ ያንኑ በሦስት ማንኪያ ስኳር ይድገሙት። የምጠብቀውን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ያለ ስኳር ይለዩታል፣ በስኳር ይቸገራሉ። ስኳር በመጀመሪያ የሚሸፍነው ደስ የሚለውን ኮምጣጣነትና ስሱን የአበባ ሽታ ነው፤ የይርጋጨፌን ዋጋ ከፍ ያደረጉት ደግሞ እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ሻጋታንና ቃጠሎን ግን ሦስት ማንኪያም አይደብቃቸውም።

ስለዚህ በቤትዎ ሁለት ዓይነት ጠጪ አለ፤ ሁለቱም አንድ ቡና መጠጣት የለባቸውም። ለባለቤትዎ ከባድ ቦዲ ያለው ደረቅ ቡና ይስማማቸዋል፤ የወለጋ ወይም የጅማ፣ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ። ሐረርም ከስኳር ጋር ይጣጣማል፤ የበሰለ ፍራፍሬ ጠባዩ በስኳር ውስጥም ይሰማል፤ ዋጋው ግን ርካሽ አይደለም። ወተት ለሚጨምር፣ እንዲሁም እንደ አንዳንድ አካባቢ ልማድ ጨው ወይም ቅቤ ለሚጨምር ሰው የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና መስጠት ብር ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። ጤና አዳምም እንደዚሁ፤ ራሱ ሽታው ብርቱ ስለሆነ ቡናውን ይውጠዋል፣ ደካማ ቡናን ግን ደህና አድርጎ ያነሣዋል። የታጠበው ይርጋጨፌ፣ ጉጂ ወይም ሲዳማ እንደ እርስዎ በጥቁሩ ለሚጠጣ ሰው ነው። መካከለኛውን የሚፈልግ ካለ የታጠበ ሊሙ አለ፤ ከሚገባው ዋጋ በታች የሚሸጥ ቡና ነው ብዬ ሁሌ እከራከራለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይወድልኝን ነገር ልናገር። ጥሩውን ቡና ለእንግዳ ብለው አያስቀምጡ። እንግዳ ጨዋታ ላይ ነው፣ ስኳር ያበዛል፣ ፈንዲሻ ያፍሳል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ አቦሉ ሲቀዳም ወሬው መሃል ላይ ነው። ለእንግዳ ንጹሕ የሆነ መካከለኛ ቡና በክብር ማቅረብ በቂ ነው። ውዱ ቡና በሥራ ቀን ጠዋት፣ እርስዎ ብቻዎን ወይም ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆነው ሲጠጡት ነው ዋጋውን የሚመልሰው።

ውድ ቡና ገዝቶ ምጣድ ላይ ማቃጠል ደግሞ ሌላው የተለመደ ኪሳራ ነው። ልማዳችን ቡናው «ወዙን እስኪያወጣ» መቁላት ነው፤ ለሪጀክት ቡና ይህ ብልሃት ነበር፣ ምክንያቱም ቃጠሎው እንከኑን ይሸፍናል። ጥሩውን ቡና ግን እንዲያ ሲያደርጉት ከርካሹ ጋር አስተካከሉት። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር ጆሮዎን ይስጡት፤ መንጣጣቱ ጋብ ካለ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይተው፣ ፊቱ ላይ ዘይት ሳይወጣ ያውርዱት። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ እጅዎም አይቁም። ሲያወርዱት በሰፊ ሰፌድ በትነው ቶሎ ያቀዝቅዙት፤ በራሱ ሙቀት መቁላቱን ይቀጥላልና። ያን ጊዜ ከሌሎቹ መሃል ፈዘው፣ ቢጫ ሆነው የቀሩ ፍሬዎች ያያሉ። ሳይበስሉ የተለቀሙ እሸቶች ናቸው፤ ጥሬው ላይ አይታወቁም፣ ሲቆላ ይጋለጣሉ። አንድ በአንድ ለቅመው ይጣሏቸው። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ገለባና የኦቾሎኒ ልጣጭ የሚመስለውን ጣዕም ያስወጣል። የሱቁን ርካሽ ቡናም ቢሆን ከመቁላትዎ በፊት ጥቁሩንና የነቀዘውን፣ ከቆሉት በኋላ የፈዘዘውን ቢለቅሙለት ከውዱ ጋር ያለው ርቀት በግማሽ ይጠባል። ባለቤትዎ ስለ ገንዘቡ ካሰቡ ይህን ሥራ ለእሳቸው ይስጡ።

ስለ ውኃው ብዙ አልልም፤ አዲስ አበባ ላይ ከሆኑ ተፈጥሮ አግዛዎታለች። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቀማሾች ለቅምሻ የሚመርጡት ሙቀትም ከዚያ ብዙም አይርቅም። እዚህ ጀበና ውስጥ ቡና መፍላቱ በባሕር ዳርቻ አገር እንደሚፈላው አይጎዳም። ጀበናውን ግን በየጊዜው በፈላ ውኃ ብቻ፣ ያለ ሳሙና፣ ያለቅልቁት፤ ውስጡ የሚከማቸው ያረጀ ዘይት ራሱ መጥፎ ጣዕም አለው። አዲስ ጀበና ከገዙም ሳያሟሹት ውዱን ቡና አይፈትሹበት። እጣኑንም ከአቦል በኋላ ቢያጨሱ እመርጣለሁ፤ እጣን የምጠላ ሆኜ አይደለም፣ አፍንጫ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አያስተናግድምና። ጥሩ ቡና መግዛትዎን ማረጋገጥ ከፈለጉ ደግሞ ቶናውን ይመልከቱ። አቦል ብዙ ነገር ይደብቃል፤ እንከን ያለበት ቡና ቶናው ላይ እንጨት እንጨት ይላል፣ ንጹሑ ይሳሳል እንጂ አይከረፋም።

መፍጫውን በተመለከተ፣ ገንዘብዎን ይያዙ። ሱቅ ውስጥ በብዛት ያለው ኤሌክትሪክ መፍጫ በምላጭ የሚቆራርጥ ነው፤ ገሚሱን ዱቄት፣ ገሚሱን ቅንጣት ያደርገዋል፣ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠራም ያሞቀዋል። ለጀበና ከሙቀጫና ከዘነዘና የተሻለ ነገር አይሰጥዎትም፤ ከድካም ግን ያሳርፍዎታል፣ ያንን ራሱን የቻለ ቅንጦት ነው ካሉ አልቃወምም። የተፈጨ ቡና መግዛት ግን በምንም ዋጋ አልመክርም። የተፈጨ ቡና መዓዛው በሰዓታት ውስጥ ይበናል። ከዚህም በላይ ገብስም ሆነ ሌላ እህል ተቆልቶ ተቀላቅሎበት እንደሆነ በዓይን የሚለይ የለም። ቆልተው በፍሬው የሚያሽጉ ካሉና የተቆላበት ቀን ተጽፎበት ከሆነ፣ እሱን ማሰብ ይቻላል።

ከዚያ በላይ ያለውን የዋጋ ሰማይ ለወሬ ያህል እንጂ ለመግዛት አይመልከቱት። በ2020 እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» በተባለው የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ደረቅ ቡና በጨረታ በፓውንድ 185 ዶላር ተሽጧል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካለው ከጌሻ ጫካ ዘሩ የተወሰደው ቡና ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ፓናማ ውስጥ በፓውንድ 21 ዶላር ሲሸጥ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ያ ዋጋ ማንንም አያስደንቅም። እነዚህን ቡናዎች ስቀምስ እደሰታለሁ። ነገር ግን ከመቶ 84 ባገኘና 90 ባገኘ ቡና መካከል ያለው የጣዕም ልዩነት፣ በሱቅ ቡናና በ84ቱ መካከል ካለው ያነሰ ነው፤ የዋጋው ልዩነት ግን ተገላቢጦሽ ነው። ለእርስዎ ቤት ወጪው የሚያዋጣው ከታች ወደ መካከል ሲወጡ ነው።

እህትዎን በተመለከተ፣ ዋሽንግተን ውስጥ የታጠበ የኢትዮጵያ ቡና ቀለል ተደርጎ ተቆልቶ፣ የተቆላበት ቀን ታትሞበት የሚሸጥባቸው ቡና ቤቶች ሞልተዋል፤ በጥራት ከሄደ እዚያው የሚያገኙት እርስዎ ከሚልኩላቸው ላያንስ ይችላል። እንደገባኝ ግን የፈለጉት እሱን አይደለም፤ የቤታቸውን ቡና ነው። እንዲያ ከሆነ እርስዎ በለመዱት መንገድ፣ ግን ወዙን ሳያስወጡ ቆልተው፣ አንድ ቀን ጋዙ እንዲወጣለት አሳድረው፣ በፍሬው አየር በማያስገባ ዕቃ ይላኩላቸው፤ ሳይፈጩ። ሦስት ሳምንት አካባቢ ደህና ይቆያል። ጥሬውን ራሳቸው መቁላት የሚመርጡ ከሆነ መጀመሪያ መስኮት እንዲከፍቱ ይንገሯቸው፤ የአፓርታማ የጭስ ማስጠንቀቂያ የቡናን ጭስ ከቃጠሎ አይለይም፣ እሳት አደጋ ሠራተኞች ደግሞ ለአቦል አይቀመጡም።